ለቀብር የሚሆን ሲቪ

ሃያ ሁለት አካባቢ ያለው የዚያ ሕንፃ ጥበቃ ገና ደረጃው ሥር ሳለሁ አየኝና፣ ምንም ሳልጠይቀው፣ «ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ነው አባባ። ሊፍቱ አይሠራም፣ ቀስ ብለው ይውጡ» አለኝ።

«ክሊኒክ አይደለም የምሄደው።»

«የጥርሱ ከሆነ አራተኛ ነው።»

«ጥርሴ ደህና ነው። የቀሩት ማለቴ ነው። ኮሌጁ ስንተኛ ፎቅ ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ኮሌጁማ ስድስተኛ ነው። ልጅ ሊያስመዘግቡ ነው?»

«አዎ» አልኩት፤ «ልጁ እኔ ነኝ።»

ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ልስቅ አምሮኝ ነበር፤ ግን ትንፋሼን ለስድስቱ ፎቅ መቆጠብ ነበረብኝ። በሰባ አንድ ዓመቴ ተማሪ የሆንኩት እንዲህ ተሸኝቼ ነው። ቅር አላለኝም። ራሴን ስሰድብ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የሌላው ሰው ስድብ ሁሉ የጀማሪ ይመስለኛል።

ለመሆኑ እዚያ ምን ወሰደኝ? የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የልብስ ስፌት መኪና ስጠግን ነው፤ ሰፈር ውስጥ በእግር የሚረገጠውን ሳይሆን ትልልቁን፣ የፋብሪካውን። ጡረታ ስወጣ ልጄ ሰሚት ያለው ኮንዶሚኒየሟ ወሰደችኝ። መስኮት ያለው ክፍል ሰጠችኝ፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት አስረከበችኝ። ሥራዬ ውሃ ለሚያመጣው ሰው በር መክፈት፣ የልጅ ልጄን «ብይ» ማለትና ለቅሶ መሄድ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎበዝ አይደለሁም። በሦስተኛው ግን የሚያህለኝ አልነበረም።

በእድራችን የሟቹን የሕይወት ታሪክ ጽፌ የማነበው እኔ ነኝና። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ የተወለደበትን ዘመን፣ የእናት የአባቱን ስም፣ የልጆቹን ቁጥር ያመጣልኛል፤ እኔ አሳምሬ እጽፍና ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ባርኔጣዬን አውልቄ አነባለሁ። ድምፄ አይከፋም። ዘዴውንም ተክኜበታለሁ፦ ሰካራሙን «ጨዋታ አዋቂ» እለዋለሁ፣ ሰውን ሁሉ ሲከስ የኖረውን «ለእውነት የቆሙ»፣ ሥራ የሚባል ነገር ያልነካውን ደግሞ «ቤታቸውን የሚወዱ»። ጉዳቱ ምንድን ነው፣ የታመመ ሰው ልጠይቅ ስሄድ ቤተሰቡ ደስ አይለውም። አንዱ ጎረቤቴ ጉንፋን ይዞት «እንዴት ነህ?» ብለው፣ «ምን ፈለግክ? የተወለድኩበትን ዘመን ልትጠይቀኝ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

እንዲህ እያልኩ ሳለሁ አንድ የድሮ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች አንዱ ወጣት መካኒኮችን የሚያሠለጥን ሰው ይፈልጋል አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ። የሰው ሀብት ክፍሉ ኃላፊ ክራባት ያሰረ ትሑት ወጣት ነው። ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ።

«ሙያዎትን አልጠራጠርም ጋሼ» አለኝ። «ሥራው ግን ግማሹ ጽሑፍ ነው። በየሳምንቱ ለሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ይጻፋል። ሲቪ ያምጡ፣ የጻፉት ሪፖርት ካለ ናሙና ያምጡ፤ ከዚያ እዚሁ የጽሑፍ ፈተና አለ። ቦታው እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍት ነው።»

ጽሑፍ! ስንቱን ሰው በጽሑፍ ሸኝቼ! ግን ሪፖርት ጽፌ አላውቅም። በእኛ ጊዜ መኪናው ሲቆም አለቃው ይጮሃል፣ መኪናው ሲነሣ አለቃው ዝም ይላል፤ ሪፖርታችን ይኸው ነበር። ስመለስ መድኃኒቴን ልገዛ እስከ ሃያ ሁለት ሄጄ የኮሌጁን ባነር አየሁ፦ የሥራ ቦታ ጽሑፍ፣ አጭር ሥልጠና። ተመዘገብኩና ቤት ሄጄ ለልጄ ነገርኳት።

«አባዬ፣ ምን ጎደለህ?» አለችኝ።

«ሥራ።»

«የምትበላው አለ፣ የምትለብሰው አለ…»

«አንበሳ ግቢ ያሉት አንበሶችም የሚበሉት አላቸው።»

«ሰው ምን ይለኛል? አባቷን በስተርጅና ሥራ ሰደደችው አይለኝም?»

«ሰው የሚለውን የምጽፈው እኔ ነኝ። አታስቢ፣ አንቺንም አሳምሬ እጽፍልሻለሁ።»

አኮረፈችኝ። ትወደኛለች፤ ችግሩም እሱ ነው። የሚወድህ ሰው እንደ ክት ልብስ አጣጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥሃል። ብል እንዳይበላህ እንጂ እንድትለበስ አይደለም።

መምህሯ የልጄ እኩያ ነች። «አባቴ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ እርስዎ እላታለሁ።

«ኧረ አንቺ ይበሉኝ አባቴ፣ ያሳቅቁኛል።»

«መምህር አንቺ አይባልም። ይልቅ እርስዎ አንተ ይበሉኝ፣ ተማሪ ነኝ።»

ፊቷን በመዝገቡ ሸፈነች። በኋላ ሁለታችንም በእርስዎ ቀጠልን፤ ክፍሉ ውስጥ እንደ ሁለት አምባሳደሮች ስንከባበር ከረምን።

አንድ ዴስክ ላይ ከጎኔ የምትቀመጠው ሴት ቦሌ ለሚ ከሚገኝ ሌላ ፋብሪካ የመጣች የስፌት መስመር ሱፐርቫይዘር ነች። ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሳይሠራ ቦታው የአባቷ የጤፍ ማሳ ነበር። «አባቴ ያጭድበት በነበረው ቦታ ላይ እኔ ሸሚዝ እቆጥራለሁ» ትላለች። ከእናቷ ጋር በስልክ በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከመምህሯ ጋር ግማሽ በግማሽ በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ዕድገት እንድታገኝ ሪፖርት መጻፍ አለብሽ ተብላ ነው የመጣችው። በሦስቱም ቋንቋ ምላሷ ስለታም ነው።

በሁለተኛው ሳምንት መምህሯ ሲቪ ጽፋችሁ ኑ አለችን። እኔ ይህን ዓይነቱን ነገር ከማንም በላይ አውቃለሁ ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ተጨነቅኩበት። ማን ያንብብ ሲባል እጄን አወጣሁ፤ ተነሣሁ፤ እንደ ልማዴ ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

«አቶ እገሌ» አልኩ፤ እርግጥ ያነበብኩት ስሜን ነው፤ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ…»

ፊት ያለችው ልጅ ስልኳን አስቀመጠች። ከጆሮው ማዳመጫ አውጥቶ የማያውቀው ጎረምሳ አወጣ። አድንቀውኝ መስሎኝ ድምፄን ወፈር አደረግኩ።

«…በሥራ ዘመናቸውም ታታሪ፣ ሰው አክባሪና በባልደረቦቻቸው ዘንድ ተወዳጅ ነበሩ። ባደረባቸው የስኳር ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ቤት ስጽፍም እዚህ ላይ ነው ብዕሩ በራሱ መንገድ ሊሄድ ሲል የያዝኩት። ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ በዚህ አገር የማያውቅ አዋቂ ሰው የለም። ሰርዤ ሌላ ጽፌበት ነበርና እሱን አነበብኩ፦ «…እስካሁን ደህና ናቸው።»

«ነፍስ ይማር» አለች የዴስክ ጓደኛዬ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

ክፍሉ ፈረሰ ብላችሁ ይቀላል። መምህሯ ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር። ማዳመጫውን ያወጣው ጎረምሳ እንባውን እየጠረገ፣ «ፋዘር፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ።

ደረጃውን ስወርድ ግን ሳቁ ጠፋ። ለካ ስለ እኔ ብጤ ሰው መጻፍ የማውቀው ያንን ብቻ ነው! ጥበቃው ሲያየኝ ክሊኒክ ታየው፣ ልጄ ስታየኝ ክት ልብስ ታያት፤ እኔም ብዕር ሳነሣ የቀብሬን ወረቀት ጻፍኩ። ሁላችንም አንድ ላይ ጽፈን ጨርሰን ዕለቱን ብቻ ክፍት ትተነዋል። «እምቢ!» አልኩ። ጮክ ብዬ ኖሯል፤ ከጥርስ ሐኪሙ ጉንጯን ይዛ የምትወጣ ሴት ደንግጣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ይቅርታ ጠየቅኳትና ያንኑ ቃል በሆዴ እየደገምኩ ወረድኩ።

በሚቀጥለው ክፍል መምህሯ ወረቀቴን መለሰችልኝ። ቀይ ያልነካው ስሜን ብቻ ነበር።

«ከመጨረሻው ይጀምሩ አባቴ» አለችኝ። «የመጨረሻ ሥራዎ መጀመሪያ ይምጣ።»

«እንዴ! ሰው በእግሩ ነው እንዴ የሚወለደው?»

«መወለድዎን ይተዉት። ‹ታታሪ› ብለዋል፤ ማን መሰከረ? ምን ሠሩ? ሠርተው ምን ተገኘ? ቀጣሪው የሚፈልገው የትናንቱን ለቅሶ አይደለም፤ ነገ ምን እንደሚሠሩለት ማወቅ ነው።»

ነገ። ስንት ሰው ስጽፍ ስንት ሰው ሳነብ ይህን ቃል አንድም ቀን አልተጠቀምኩበትም። ተቀመጥኩና አዲስ ወረቀት አወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ተማርኩ ነው የምላችሁ። እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ በሬ፣ ምድሩን እየረገጥኩ። በጣም የከበደኝ «እኔ» ማለት ነው። እኔ ያለ ሰው ትዕቢተኛ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። መጀመሪያ «ተጠግኗል» ብዬ ጻፍኩ፤ «ማን ጠገነው?» አለችኝ። «ተባብረን ጠገንን» ብዬ አረምኩ፤ «ከማን ጋር?» አለችኝ። በመጨረሻ ላብ እያጠመቀኝ «እኔ ጠገንኩ» ብዬ ጻፍኩና ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

ለሪፖርት ልምምድ የተሰጠን የሕንፃው ሊፍት ነበር። የመጀመሪያው ረቂቄ በጤና ይስጥልኝ ጀመረ፤ ቀጥሎ ስለ መለዋወጫ እጥረት፣ ቀጥሎ ስለ ሥራ ተቋራጮች ኅሊና፣ ቀጥሎ ስለ ዛሬ ወጣቶች ስንፍና አተተ። ሊፍቱ የተነሣው ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው።

የዴስክ ጓደኛዬ ወስዳ አነበበችው። «አባባ» አለችኝ፤ «የእኔ አለቃ ይህን ቢያነብ ሊፍቱ ጋ ሳይደርስ ጡረታ ይወጣል። እሱ የሚያነበው የመጀመሪያዋን መስመር ነው። እዚያ ላይ የሌለ ነገር ለእሱ የለም።»

ቆረጥኩ። ደግሜ ቆረጥኩ። የሥራ ተቋራጮቹን ኅሊና ስቆርጥ ልጄን የዳርኩ ያህል ከበደኝ። የቀረው አራት መስመር ነው፦ ሊፍቱ ቆሟል፤ በሩ አይዘጋም፤ ታማሚዎች ክሊኒኩ በደረጃ ይወጣሉ፤ ጠጋኝ እንዲጠራ እንጠይቃለን። መምህሯ አነበበችና «ይኸው!» አለች። ሊፍቱ እርግጥ እስካሁን አልተሠራም። ሪፖርቱ ግን ይሠራል።

ከመምህሯ ጋር ተጣላን ከተባለ የተጣላነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሲቪዬን ለመጨረሻ ጊዜ ሳቀርብ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ዕድሜ፦ ሰባ አንድ» ብዬ ነበር። መምህሯ ቀዩን አነሣች።

«ይህ ይውጣ። ዕድሜ አይጻፍም። የድሮዎቹንም ሥራዎች ይተዉአቸው፤ የቅርቦቹ ይበቃሉ።»

«ለምን?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው። ዕድሜውን ሲያዩ ሳያነቡ ወደ ጎን ያደርጉታል።»

«እኔን ራሴን ሲያዩኝስ? ፊቴን ወዴት ላድርገው?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «እስከዚያ ድረስ ግን አንብበውት ይሆናል» አለችኝ። ልክ ነች። ልክ እንደሆነች እያወቅኩ ግን እምቢ አልኩ።

«መምህር፣ የሞተ ሰው ዕድሜ ሲነበብ ማንም አያፍርበትም። ከፍ ያለ ከሆነ እንዲያውም ‹ዕድሜ ጠገብ› ብለን እናሞግሰዋለን። ታዲያ በቁሙ ያለ ሰው ሲሆን ነው ነውር የሚሆነው? ሰካራሙን ጨዋታ አዋቂ ስል ኖሬአለሁ። በሰው ወረቀት ላይ ያሳመርኩት ይበቃኛል። የራሴን ግን እንዳለ ነው የማቀርበው።»

«ነጥብ እቀንስብዎታለሁ» አለችኝ።

«ይቀንሱ።»

ቀነሰች! እኔ የቀልድ መስሎኝ ነበር። በሲቪው ከእኔ በታች ያገኘው ያን ቀን ያልመጣው ልጅ ብቻ ነው። ውጤቴን የሰማችው የዴስክ ጓደኛዬ፣ «አባባ፣ ሰባ አንድ ብለው ሲጽፉ ነጥቡን ለራስዎ የሰጡ መስሎዎት ነው?» አለችኝ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ሲቪዬንና የሊፍቱን ሪፖርት ይዤ ለሚ ሄድኩ። ባጅ ያንጠለጠሉ ሴቶች እየተሳሳቁ በበሩ ሲገቡ አብሬ ገባሁ። የሰው ሀብቱ ወጣት ወረቀቴን ተቀበለኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ዐይኑ ሲቆም አየሁት። የፈተና ወረቀት ሰጠኝ፦ በአንድ መስመር ያሉ መኪናዎች ከጠዋት ጀምሮ ክር እየበጠሱ ነው፤ ለሥራ አስኪያጁ ጻፍ ይላል። ጻፍኩ። የሆነውን አስቀደምኩ፤ ምክንያቱን አስከተልኩ፤ «እኔ» ብዬም ምን እንደማደርግ ጻፍኩ። አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«በጣም ጥሩ ነው ጋሼ» አለኝ። «እንደውልልዎታለን።»

እንደውላለን ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ከተማ ሥራ የጠየቀ ሁሉ ያውቃል። ያለ ድንኳን መቀበር ማለት ነው።

«አትደውሉልኝ ልጄ። በጽሑፍ መልሱልኝ።»

«ምኑን?»

«እምቢታውን። ከነምክንያቱ። አታርዝመው፣ አጭር ጽሑፍ ነው የሚነበበው ተብለናል።»

ቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ስቀመጥ ሳቁን አቆመና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ምስኪን ልጅ ነው፤ ሽማግሌ መግፋት አልሆነለትም። መነጽሬን አድርጌ አጠገቡ ቀረብኩ። «ዕድሜዎ ስለገፋ» ብሎ ጻፈ፤ ራሱን ነቀነቀና አጠፋው። «የሚጠበቀውን መስፈርት ስላላሟሉ» ብሎ ጻፈ።

«የትኛውን?» አልኩት።

የፈተና ወረቀቴን አየ። አጠፋው። «ቦታው በሌላ ሰው ስለተያዘ» ብሎ ጻፈ።

«ተይዟል እንዴ?»

«አልተያዘም» አለና አጠፋው።

«በዕድሜ የሚከለክል ደንብ አላችሁ?»

«ለቋሚ ሠራተኛ የጡረታው ዕድሜ አለ። ለኮንትራት የለም። ግን…» በሩን አየና ድምፁን ቀነሰ። «ሥራ አስኪያጁ ወጣት ሳይመርጡ አይቀሩም። ተናግረው አይደለም፤ እናውቃለን።»

«ያልተናገሩትን አንተ ለምን ትጽፍላቸዋለህ? እሳቸው ይጻፉት።»

ጀግና መስዬ ታይቻችሁ ይሆናል። አይደለሁም። ውጣ ቢለኝ አመስግኜው እወጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሪሞቱ፣ የውሃው ሰውዬና የእድሩ ድንኳን ናቸው። ግን ሲቪውን፣ ሪፖርቱንና ፈተናውን ሰብስቦ ተነሣ።

«ቤት ሄደው ቢጠብቁ አይሻልም ጋሼ? ሊቆይ ይችላል።»

«ሰባ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ» አልኩት።

ቆየ። የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ኮሪደሩ በሳቅና በጫማ ድምፅ ተሞላ፤ ባዶም ሆነ። ስልኬ ጮኸ፣ ልጄ ነች።

«አባዬ፣ የት ነህ? መድኃኒትህን ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ። ፋብሪካው ነኝ። መልስ እየጠበቅኩ ነው።»

ቁጣውን ልቀበል ጆሮዬን ከስልኩ አራቅ አደረግኩ።

«የትኛውን ሸሚዝ ነው የለበስከው?» አለችኝ።

«ሰማያዊውን።»

«ኮሌታው ይታጠፋል እሱ። አስተካክለው።»

አስተካከልኩት።

ወጣቱ ሲመለስ ሲቪዬን ዘርግቶ ሰጠኝ። ሰባ አንድ የሚለው በእስክሪብቶ ተከቧል። ከጎኑ በእጅ ጽሑፍ፦ «ለሦስት ወር በኮንትራት ለሙከራ ይግቡ።» ከሥሩ ፊርማ አለ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ዕድሜውን ከበቡና እኔን አዩኝ። ‹ውጭ ናቸው እንዴ?› አሉኝ። ‹አዎ፣ እምቢታውን በጽሑፍ ካልሰጣችሁኝ አልሄድም ብለዋል› አልኳቸው። እስክሪብቶውን እንደያዙ ብዙ ቆዩ። ሪፖርቶቹን አነበቡ። ከዚያ ይህን ጻፉ።» ቀጥሎ ፈገግ አለ። «እንግዲህ ሙከራ ነው ጋሼ፣ እንዳይከፋዎት። በሦስት ወሩ ግምገማ አለ።»

«ምን ይከፋኛል!» አልኩት። «እኔም እናንተን እሞክራለሁ። ግምገማዬን በጽሑፍ አቀርባለሁ፣ ከአራት መስመር አይበልጥም።»